የትኛውን የመርከብ ሞዴል ልምረጥ? ከቪክቶሪ እስከ ቀይ ባሕር ሳምቡክ

ምክሬን ከፊት ላስቀድም፣ ምክንያቱን ቀስ ብዬ አመጣዋለሁ። የእንጨት መርከብ ሞዴል ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙ፣ የምታሠሩ ወይም ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ምሰሶ መርከብ ምረጡ። ትንሽ ይሁን ማለቴ አይደለም። ምሰሶው ይነስ፣ ገመዱ ይነስ፣ መድፉም ይቅር፤ ገላው ግን በትክክል የተሠራ ይሁን። ገላ የምለው ውሃ ላይ የሚቀመጠውን ዋናውን አካል ነው። ብዙ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሸራው ላይ ነው። ሻጭም ይህን ስለሚያውቅ ሸራውን አሳምሮ ገላውን በችኮላ ይጨርሰዋል።

ደገኛውን የወሎ ሰው ከመርከብ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ የአሰብን መንገድ ያስታውስ። ከደሴ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በባቲ አድርጎ በሚሌ በኩል አሰብ በሚገባው መንገድ ላይ ወጣትነታቸውን የጨረሱ ሾፌሮች በየሰፈራችን አሉ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መስመሩን እስኪዘጋው ድረስ ጭነት ሲጠብቁ ወደቡ ላይ የከረሙ፣ ሳምቡክ የሚባለው ባለ ሸራ የእንጨት መርከብ ሲገባና ሲወጣ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ላለ አባት ወይም አጎት ስጦታ ለምትፈልጉ ልጆች ይህ ጽሑፍ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የጻፍኩት። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የትኛው መርከብ?

በጣም የሚታወቀው የእንግሊዞቹ ቪክቶሪ ነው። በ1765 ውሃ ላይ ወረደ፣ በ1805 በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ የእንግሊዞቹ አዛዥ ኔልሰን የሞተው እሱ ላይ ነው፣ ዛሬም ፖርትስመዝ ውስጥ አለ። 104 መድፍ ነበረው። እንግዲህ አስቡት፤ የሞዴሉ ሠሪ እያንዳንዱን መድፍ፣ እያንዳንዱን የመድፍ መስኮት፣ የሦስቱን ምሰሶ ገመድ አንድ በአንድ መሥራት አለበት። በ1 ለ72 ሲሠራ፣ ማለትም አንዱ ሴንቲ ሜትር የዋናውን መርከብ 72 ሴንቲ ሜትር ሲወክል፣ ከፊቱ ሹል ግንድ ጋር ርዝመቱ 1 ሜትር ከ40 አካባቢ ይደርሳል። የብዙዎቻችን ቡፌ አይችለውም። ርካሽ ቪክቶሪ ካያችሁ ደግሞ የሆነ ነገር ተቀንሶበታል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀነሰው ገላው ነው።

ካቲ ሳርክ ሌላ ነገር ናት። በ1869 ስኮትላንድ፣ ደምባርተን ውስጥ የተሠራች፣ ከቻይና ሻይ ለማመላለስ የታሰበች፣ በኋላም ከአውስትራሊያ ሱፍ ስትጭን የኖረች መርከብ ናት። አሁን ለንደን፣ ግሪኒች ላይ ቆማለች። መድፍ የላትም። ውበቷ ሁሉ ገላዋ ላይ ነው፦ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፊቷ ውሃውን ለመሰንጠቅ የተሳለ። በ1 ለ75 ገላዋ 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ገላዋን ብቻ አይቶ ለሚወድ ሰው ከሁሉም የምታምረው እሷ ትመስለኛለች። ችግሯ ሦስት ምሰሶ ያላት መሆኑ ነው፤ ገመዷ ለጀማሪ ይከብዳል። ተሠርቶ ያለቀ የምትገዙ ከሆነ ግን ከቪክቶሪ በፊት እሷን እዩ።

ሳንታ ማሪያን፣ የኮሎምበስን መርከብ፣ ብዙ ሱቅ ይሸጣል። ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር አለ። የዚያ መርከብ ንድፍ የለም። በ1492 በገና ሰሞን ሃይቲ አጠገብ ተሰባብሮ ቀረ፣ የሠሩት ሰዎችም ሥዕሉን አልተዉልንም። ስለዚህ የምታዩት ሳንታ ማሪያ ሁሉ የዘመኑን መርከቦች አይቶ የተገመተ ነው። በ1620 የሄደው ሜይፍላወርም እንደዚሁ ነው። ለቤት ጌጥ ምንም አይልም። ልኩን የጠበቀ ታሪካዊ ሞዴል እፈልጋለሁ ለሚል ሰው ግን ገንዘቡን ሌላ ላይ ያውለው እላለሁ።

ልክ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ከስዊድኑ ቫሳ የተሻለ ማስረጃ ያለው የለም። በ1628 በመጀመሪያ ጉዞው፣ ከስቶክሆልም ብዙም ሳይርቅ፣ ነፋስ ገፍቶት ተዘቀዘቀና በመድፍ መስኮቶቹ ውሃ ገብቶ ሰጠመ። ከላይ ከብዶት ነበር። በ1961 ከባሕር ሥር ወጣ፤ እንጨቱ አብዛኛው ያው የጥንቱ ነው። እያንዳንዱ ጣውላ ተለክቷል። ግን መላ አካሉ በቅርጻ ቅርጽ የተሸፈነ ስለሆነ ጥሩ ቀራጭ ከሌለ ቫሳ አይሞከርም።

ከውጭዎቹ ለጀማሪ የምመርጠው ብሉኖዝን ነው። የካናዳ የዓሣ ማጥመጃና የውድድር መርከብ ናት፤ በ1921 ኖቫ ስኮሺያ፣ ሉነንበርግ ላይ ወረደች። ባለ ሁለት ምሰሶ ናት። ንድፏ አለ። በ1 ለ64 ገላዋ 68 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ከቡፌ በላይ በደንብ ይቀመጣል። ካናዳ ያሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ያውቋታል፤ 10 ሳንቲማቸው ላይ ያለችው መርከብ እሷ ናት። ሰው ሲመጣ ላኩልኝ ለማለትም ትመቻለች።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፣ ወደ ሳምቡክ። የቀይ ባሕሩ ሳምቡክ አንድ ወይም ሁለት ምሰሶ ነው ያለው። ኋላው ጠፍጣፋ ነው፣ ፊቱ ሹል። ሸራው ከሩቅ ሲታይ ሦስት ማዕዘን ይመስላል፤ ቀርባችሁ ስታዩት ግን የፊቱ ጫፍ ቆረጥ ብሎ አራተኛ አጭር ጎን አለው። ሞዴል ላይ ይህች አጭር ጎን ካለች ሠሪው የሚያውቀውን ነው የሠራው። ሌላም ምልክት አለ። አጎቴ በአሰብ መስመር የነዳ ሰው ነው፤ አንድ ሞዴል አሳይቼው ገና ሲያየው «አንተ ልጅ፣ ምሰሶው እኮ ቀጥ አይልም፣ ወደ ፊት ጋደል ይላል» አለኝ። ልክ ነው። የሳምቡክ ምሰሶ ወደ ፊት ያጋድላል። ቀጥ አድርጎ የተከለ ሰው ከአውሮፓ መርከብ ላይ ገልብጦታል።

ሳምቡክ የሚሠራው በባለሙያ ዓይን እንጂ በወረቀት ንድፍ አልነበረም። ይህ ለሞዴል ሠሪ ችግርም ነው፣ ነፃነትም ነው። አንዱ ከሌላው ይለያያል። 20 ሜትር የሚሆን ሳምቡክ በ1 ለ48 ሲሠራ 42 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣዋል። ለአንድ ሳሎን የተመጠነ ነው።

ትዕግሥት ላለው ሰው ከሳምቡክም የሚያስደንቅ ሌላ ምርጫ አለ፦ የተሰፋ መርከብ። በድሮ ጊዜ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ የሚሄዱ መርከቦች ጣውላቸው በሚስማር አይመታም ነበር፤ በገመድ ይሰፋ ነበር። የስድስተኛው ክፍለ ዘመን የታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ ይህንን ጽፎታል። ዐፄ ካሌብ በ525 አካባቢ ሠራዊቱን ይዞ ወደ የመን የተሻገረበት ዘመን ነው እንግዲህ። በ1998 ኢንዶኔዢያ፣ ቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ የተገኘው የዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መርከብም የተሰፋ ነበር። የእሱን አምሳያ ኦማን ውስጥ ሠርተው «የሙስካት ጌጥ» ብለውት በ2010 በሸራ እስከ ሲንጋፖር ተጉዘውበታል፣ 18 ሜትር ነው። ሞዴሉን ለመሥራት የያንዳንዱን ጣውላ ጠርዝ በቀጭን መርፌ በስቶ በሰም በታሸ ክር መስፋት ይጠይቃል። አድካሚ ነው። ግን የኛ ነገሥታት ባሕር የተሻገሩበትን አሠራር በእንጨትና በክር ቤታችሁ ውስጥ ማስቀመጥ ከቪክቶሪ መድፍ ጋር የሚወዳደር አይመስለኝም።

ያለቀ፣ ኪት፣ ወይስ አናጢ ጋር?

ተሠርቶ ያለቀ ሞዴል ለቸኮለ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን በብዛት የሚያመርቱት እነ ቬትናምና ሞሪሸስ ናቸው፣ በመካከላቸው በጣም ጥሩ ሥራ አለ፤ ለጌጥ ብቻ የተለቀለቀም አለ። ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። መጀመሪያ ባንዲራውን እዩ። ሸራው ወደ ፊት ተነፍቶ ባንዲራው ወደ ኋላ ከተውለበለበ ተሳስቷል፤ ሸራውን የሚገፋው ነፋስና ባንዲራውን የሚያውለበልበው ነፋስ አንድ ነው። ቀጥሎ ገመዱን እዩ። በድሮ የአውሮፓ መርከብ ምሰሶውን አጥብቆ የሚይዘው ቋሚ ገመድ ሬንጅ ስለሚቀባ ጥቁር ነው፣ ሸራውን የሚጎትተው ደግሞ ያልተቀባ ፈዛዛ ነው። ሁሉም አንድ ቀለም፣ አንድ ውፍረት ከሆነ ከአንድ ጥቅል ክር የተቆረጠ ነው። ከዚያ ገላውን በጣታችሁ ዳብሱት። ጣውላዎቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሄዱ መጥበብ አለባቸው፣ ምክንያቱም መርከብ መሐሉ ላይ ሰፊ ነው፣ ጫፉ ላይ ጠባብ። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ስፋት ካላቸው ወይም መስመሩ በቀለም የተሰመረ ከሆነ ሥራው ላይ ላዩን ነው። ከታችም ገልብጣችሁ እዩት። ሻጩ ገልብጦ ለማሳየት ካንገራገረ ተዉት።

ኪት የሚባለው ክፍሎቹ ተቆርጠው፣ ንድፉና መመሪያው አብሮ በሳጥን የሚመጣው ነው። ስም ያላቸው ድርጅቶች ብዙ ናቸው፦ የጣሊያኑ አማቲ፣ የስፔኖቹ ኦክሬና አርቴሳኒያ ላቲና፣ የዴንማርኩ ቢሊንግ ቦትስ፣ የአሜሪካው ሞዴል ሺፕዌይስ። አብዛኞቹ ኪቶች አንድ ዓይነት አሠራር ነው ያላቸው። ከሥር የሚሄድ አንድ ዋና እንጨት አለ፣ በእሱ ላይ ከኮምፔንሳቶ የተቆረጡ ጎድኖች ይሰካሉ፣ ከላይ ስስ ጣውላ በኮላ ይለበጣል። ሁለት ጊዜ የሚለበጠውን ምረጡ፤ የመጀመሪያው ንብብር ላይ ያበላሻችሁትን ሁለተኛው ይሸፍንላችኋል። ከውጭ ስታስመጡ የጉምሩክ ቀረጥ ይታሰብበታል፣ ዋጋውን ስታሰሉ አትርሱት። ጥሩው ነገር የእጅ ሥራ ለሚወድ ወጣት ብዙ ወር የሚወስድ ሥራ መሆኑ ነው። መጥፎው ነገር አንድ ትንሽ ክፍል ከጠፋ እዚህ ደሴ ላይ የሚተካ የለም። ስለዚህ ሳጥኑ እንደተከፈተ ከዝርዝሩ ጋር አስተያዩ፣ ትርፍ ጣውላም አብራችሁ እዘዙ።

ሦስተኛው መንገድ አናጢ ጋር ማሠራት ነው። እኔ የምወደው ይሄን ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በመሮና በመላጊያ ብቻ ተአምር የሚሠሩ እጆች አሉ። ሉሕ የሚያለሰልስ፣ የረከቦት እግር የሚቀርጽ፣ የቤተ ክርስቲያን በር የሚፈለፍል ሰው የመርከብ ገላ አያቅተውም። የሚቸግረው ቅርጹን የሚነግረው ሰው ማጣቱ ነው። ፎቶ ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከጎን የሚታየውን ይሠራላችኋል፣ ከፊትና ከላይ ያለው ግን በግምት ይሆናል። ከጎን፣ ከላይ እና በየቦታው ተሰንጥቆ ሲታይ የሚያሳየውን ንድፍ በትክክለኛው መጠን አሳትማችሁ ስጡት። ሳምቡክ ከሆነ ብዙ ፎቶ፣ ከብዙ አቅጣጫ።

ከሁሉ በፊት ግን ግማሽ ገላ አሠሩ። ይህ እንግዳ ሐሳብ ሊመስላችሁ ይችላል። የጥንት መርከብ ሠሪዎች ዋናውን ከመሥራታቸው በፊት የመርከቡን ግማሽ ጎን ከእንጨት ቀርጸው ቅርጹን በእሱ ነበር የሚወስኑት። እንደ መርከቡ ርዝመት መሐል ለመሐል የተከፈለ፣ ጀርባው ዝርግ የሆነ፣ ሳንቃ ላይ ተለጥፎ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። ምሰሶ የለውም፣ ገመድ የለውም። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ የአናጢውንም እጅ ትፈትኑበታላችሁ። ገላው ካማረ ሙሉውን እዘዙት። ካላማረም ብዙ አላወጣችሁም፣ ግድግዳችሁም ባዶ አልቀረም። እውነቱን ለመናገር ብዙ ቤት ውስጥ ግማሽ ገላው ከሙሉው ሞዴል በላይ ሲያምር አይቻለሁ።

እንጨቱ

ለገላ ዋንዛን የሚያክል የለም። ቀላል ነው፣ ለመሮ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ብዙ አይጣመምም፣ ቀለሙም ሞቅ ያለ ነው። ዝግባ ነጣ ያለና ደቃቅ ስለሆነ ለወለሉ ጣውላ ይሆናል። ጽድ ይሸታል፣ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል፣ ለምሰሶ ጥሩ ነው፤ ጥምዝምዝ ቅርጽ ላይ ግን ይሰነጠቅባችኋል። ወይራ በጣም ጠንካራ ነው፤ ለገላ ይከብዳል፤ መሪው፣ መዘውሩ፣ ገመድ የሚያልፍባቸው ትንንሽ ክፍሎች ላይ ግን እንደ ወይራ ሹል ጠርዝ የሚይዝ አላየሁም። ቀርከሃ ተሰንጥቆ ለቀጫጭን ግንዶችና ለእንጨት ሚስማር ይሆናል። ባህር ዛፍ አትጠቀሙ፤ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥት ደን መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ለሞዴል ደግሞ ትኩስ እንጨት ጨርሶ አይፈለግም። ከፈረሰ ቤት የወጣ በር፣ ከተሰበረ አልጋ የቀረ እግር፣ ከዕቃ ቤት የተረፈ ቁርጥራጭ ይበቃል፤ እንዲያውም ለዓመታት የደረቀ ስለሆነ ይሻላል። የጎበጠ ጎድን ስትፈልጉ ደግሞ ከተፈጥሮው የጎበጠ ቅርንጫፍ ፈልጉ፣ ገበሬው ለእርሻ ዕቃው እንደሚመርጠው። ጠንካራ የሚሆነው የእንጨቱ ጅማት ከጉብጠቱ ጋር አብሮ ሲሄድ ነው። የአውሮፓ መርከብ ሠሪዎችም የጎበጠ የኦክ ዛፍ በየጫካው ይፈልጉ የነበረው ለዚህ ነው።

ከአንድ ወፍራም ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራ ገላና በጎድንና በጣውላ የሚሠራ ገላ እንዴት ይነጻጸራሉ? የግንዱ ይረክሳል፣ ቶሎም ያልቃል። ግን ውስጡ ካልተቦረቦረ ይሰነጠቃል። በተለይ እኛ አገር። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቤት ውስጥ ይገባል፣ ልብስ አይደርቅም። ባቲ ደግሞ ደረቅና ሞቃት ነው። እንጨት በርዝመቱ ብዙ አይለወጥም፤ በጎኑ ግን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ደሴ በክረምት ተሠርቶ ባቲ የሚወሰድ ድፍን ግንድ መሐሉን ይፈነዳል። ስለዚህ ሞዴሉ የሚቀመጥበትን ከተማ ለአናጢው አስቀድማችሁ ንገሩት፣ እንጨቱም ከመሠራቱ በፊት እዚያው ቤት ውስጥ ይክረም። ድፍን ከሆነ ውስጡ ይቦርቦር። የተቻላችሁ ደግሞ በጎድንና በጣውላ ይሁንላችሁ፤ እያንዳንዱ ጣውላ ጠባብ ስለሆነ የሚያብጠውም የሚኮማተረውም ጥቂት ነው።

ክሩ፣ ሸራው፣ ሳጥኑ

ለሳምቡክ ሸራ አቡጀዲ በቂ ነው፤ ስሱን ፈልጉ፣ ነጭነቱን በሻይ ውሃ አደብዝዙት። ለትልልቆቹ መርከቦች ከተጠየቅሁ ያለ ሸራ ይሻላል እላለሁ። ወፍራም ጨርቅ በ1 ለ75 ሞዴል ላይ ብርድ ልብስ የተሰቀለ ያስመስለዋል፣ ገመዱንም ይሸፍናል። ለገመድ የጥጥ ክር ያምራል፣ ግን ከአየሩ ጋር ይጠብቃል ይላላል። ምሰሶ የሚይዙትን በፖሊስተር አድርጉ፣ የጥጡን በሰም እሹት።

መድፍና መልሕቅ ያለው ኪት ከገዛችሁ ከእርሳስ ይሁን ከናስ ጠይቁ። እርሳስ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ከእንጨትና ከቀለም በሚወጣ አሲድ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል። ናስ ይሻላል። ቫርኒሹ የማያብለጨልጭ ይሁን፤ የሚያብረቀርቅ ሲሆን እንጨቱ ፕላስቲክ ይመስላል።

የመስታወት ሳጥን ቅንጦት አይደለም። እኛ ቤት አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለ፤ ከሰሉ አለ፣ ዕጣኑ አለ። ያ ሁሉ ጭስ ገመዱና ሸራው ላይ ነው የሚያርፈው፤ ከአቧራ ጋር ሲጣበቅ ደግሞ ገመዱን ሳይበጥሱ ማጽዳት አይቻልም። ሳጥኑን ከሞዴሉ ጋር አንድ ላይ እዘዙ፣ ከታች ለአየር ትንሽ ቀዳዳ ይተውለት፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቁት። ግማሽ ገላ የመረጣችሁ አብሽሩ፤ እሱ ሳጥን አይፈልግም፣ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ይበቃዋል።